ደቻቱ አሸዋ ላይ የሰቀልናቸው ፊቶች

ካሜራውን ዓይኔ ላይ ደቅኜ ስመለከት ተራራው የለም።

ሁለተኛውን ኤግዚቢሽናችንን የከፈትን ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከከዚራ ሰፈር በኩል ወደ ደቻቱ በሚያወርደው የድንጋይ ጥርጊያ ላይ ቆሜያለሁ። ልጄ ምህረትና እኔ ደረቁ ወንዝ ውስጥ በአጣና ላይ የወጠርናቸውን ትልልቅ ፎቶዎች ከነተመልካቹ ባንድ ላይ ላነሳ ነበር። ጠዋት ከዚያው ቦታ ሳነሳ የደንገጎ ተራራ ከፎቶዎቹ በላይ ቁጭ ብሎ ነበር። አሁን በእሱ ቦታ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ካሜራውን አውርጄ በባዶ ዓይኔ አየሁ። ያው ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ አሸዋው በጫማ ውስጥ ያቃጥላል፣ አንዲት ጠብታ የለም። ደንገጎ ግን በዝናብ ተውጧል።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ደቻቱ የሚሞላው ከተማው ላይ ሲዘንብ አይደለም፤ ላይ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው። እኛ ላብ እየጠረግን ሳለን ውሃው ይደርሳል። ቤት ወስዷል፣ ሰው ወስዷል። ጥቅምት ነው፣ ክረምቱ ወጥቷል ብለን ነበር አሸዋው ውስጥ የገባነው።

ልጄ ከሁሉም ርቃ፣ ወንዙ መሐል፣ የመጨረሻውን አጣና ሽቦ ታጠብቃለች።

"ምህረት!" አልኳት። ሞንታርቦው ላይ የተከፈተው ዘፈን ድምፄን ዋጠው። በዚያ ሙቀት መሐል ቆሜ በረደኝ።

ቀጥሎ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ግን ወለል ልታጥብ የተቀጠረች ሴት እንዴት አድርጋ ወንዝ ውስጥ ፎቶ እስከ መስቀል እንደደረሰች ካላወቃችሁ፣ ያን ሰዓት ያደረግሁት ነገር የእብድ ሥራ ይመስላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልበል።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ ፍሬን ይሠራ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ እናታችን ሁላችንንም ማስተማር አልቻለችም። እኔ ትልቋ ነኝና መጋላ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ለጽዳት ገባሁ። ባለቤቱ አው ዩሱፍ የሚባሉ ሐረሪ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ወር ላይ ከ"እንደምን አደሩ" በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ለጉርድ ፎቶ መጣች። ሻሿ ወርዶ ግንባሯን ሸፍኖታል። እንዲህ ከተነሳች መታወቂያ የሚሰጡት አይቀበሏትም። አው ዩሱፍ ደግሞ የሴት ልብስ በእጃቸው አይነኩም፤ ሌላ ጊዜ እናቷ ወይ እህቷ አብራ ትመጣና እሷ ታስተካክላለች። ከካሜራው ኋላ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ትንሽ አሰቡና ዞረው ጠሩኝ።

"አስካለ፣ መወልወያውን ተይውና ነይ። እጅሽን ታጠቢ።"

ታጥቤ መጣሁ።

"ሻሹን ከግንባሯ ላይ በሁለት ጣት ገፋ አድርጊላት። ጆሮዋን እንዳትገልጪ።"

"በሁለት ጣት ብቻ?"

"በሁለት። በሙሉ እጅሽ ከነካሻት ትደነግጣለች። የደነገጠ ፊት ደግሞ በሬቱሽ አይለቅም።"

ሬቱሽ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሻሹን ግን እንዳሉኝ ገፋሁት፤ ልጅቷም ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴት ደንበኛ ስትመጣ የሚጠሩት እኔን ሆነ። መወልወያው ግን አልቀረልኝም። ጠዋት ወለል፣ ከዚያ ሻሽ።

ቋንቋውንም እዚያው ነው የለቀምኩት። "እዚህ እዪ" ለማለት ለኦሮሞዋ "አስ ኢላሊ"፣ ለሶማሌዋ "ሀልካን ኤግ" እላለሁ። ከሰላምታ በፊት ትእዛዝ ስለተማርኩ ቀፊራ ለገበያ ስወርድ ጉድ ይፈላ ነበር። ሽንኩርት ሻጯን እንዴት ዋልሽ ማለት አቅቶኝ "አገጭሽን ዝቅ አድርጊ" ስላት ገበያው በሙሉ ሳቀብኝ።

ቀጥሎ ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ያን ጊዜ ሁሉም በጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ ፊልሙን በመድኃኒት አጥበን፣ በቀይ አምፖል ብርሃን ወረቀት ላይ እናወጣዋለን። ጨለማ ክፍል በድሬ ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ የገባ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ሲሞቅ ፊልሙ ላይ ያለው ቀለም እንደ ሞራ ይለሰልስና በጥፍር ይላጣል። ስለዚህ ከለስላሳ ሻጩ በረዶ እየገዛሁ፣ ባልዲ ውስጥ ጨምሬ፣ የመድኃኒቱን ሳህን እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። ቴርሞሜትር ነበረን፤ አው ዩሱፍ ግን ትንሿን ጣታቸውን ነክረው ነው የሚያውቁት። በኋላ እኔም ጣቴ አወቀ።

ሌላው ጠላታችን ውሃው ራሱ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ የሚጋግር ውሃ ነው። ፊልም ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ሙሽራዋን ስታወጣት ፊቷ ላይ ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች። አው ዩሱፍ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ጠዋት ያፈሉታል፣ እስኪረጋ ይተዉታል፣ ከዚያ በነጭ ሻሽ ያጠሉታል። በየቀኑ። ለሠርግም ለጉርድም። የወንድማቸው ልጅ ጀማል ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ይሠራ ነበርና ይሰለቸዋል።

"አቦ አጎቴ፣ ለአንድ ጉርድ ፎቶ ይሄ ሁሉ?"

"አንተ ነጥቡን የምታየው ዛሬ ብቻ ነው" ይሉታል። "ሰውዬው መታወቂያው እስኪያልቅ ኪሱ ይዞት ይዞራል።"

ሬቱሽ የሚባለውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንደ መርፌ የሾለ እርሳስ ይዤ ኔጋቲቩ ላይ ብጉርና መጨማደድ አጠፋለሁ። ጠባሳና ማርያም የሳመችው ምልክት ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ አይነካም። አንዴ የፊት ጠባሳ ያለው ሙሽራ ፎቶ ሌላ ፎቶ ቤት ታሽቶ፣ ተወልውሎ ወጥቶ እናትየዋ ይዛው መጣች። "ይሄ የእኔ ልጅ አይደለም፤ የእኔን ልጅ አንሱልኝ" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሙሽራውን አስመጥተን እንደገና አነሳነው። ጠባሳው ቁልጭ ብሎ ሲወጣ እናትየዋ ፎቶውን ሳመችው።

ከሁሉ በላይ ግን የእሳቸው አንድ ልማድ ነው ሕይወቴን የቀየረው። ጉርዱን ያነሳሉ፤ "ጨርሰናል፣ ተነሺ" ይላሉ። ሰውየው ወይ ሴትየዋ እፎይ ብለው፣ ትከሻቸውን ጥለው፣ ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ አንድ ተጨማሪ ያነሳሉ። "ምርቃት" ይሉታል፤ ቀፊራ ሻጮች ከሰፈሩ በኋላ በእፍኝ ጣል እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ምርቃቱን ለደንበኛው ያሳያሉ፤ ከፈለገ በነፃ ይወስደዋል። አብዛኛው ሰው አይወስድም፤ ጉርዱ ላይ ነው ሰው የሚመስለው፣ ምርቃቱ ላይ ራሱን ነው የሚመስለው። ኔጋቲቩን ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ የባለቤቱን ስም ጽፈው ያስቀምጡታል።

"ለምን ያስቀምጡታል?" አልኳቸው አንዴ።

"አላውቅም" አሉ። "ግን መጣል አልቻልኩም።"

እኔም ካሜራው ኋላ መቆም ስጀምር አልተውኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ መልካ ጀብዱ ገበያ ወርደን ነጭ አንሶላ አጥር ላይ ወጥረን ስናነሳ፣ ነፋሱ አንሶላውን እንደ ሸራ እየነፋው፣ ያኔም ምርቃት አነሳለሁ። አው ዩሱፍ አርፈው ጀማል ፎቶ ቤቱን ሲረከብም አነሳለሁ። ጀማል ደግ አለቃ ነው፤ ችኩል ነው እንጂ። ፊልሙን አስቀርቶ ዲጂታል አስገባ፤ ከሰው ጀርባ በኮምፒውተር ፏፏቴ ያስገባል። ፏፏቴውን ሰው ወደደው፤ እኔ ምን አገባኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፍቶ ሴቶቹ ልጆች ለባጅ ፎቶ ሲሰለፉ፣ እኔ ለያንዳንዷ ሁለት ሁለት ሳነሳ ጀማል ይጮኻል።

"አስካለ፣ ሰልፉን አታይም? ምርቃቱ ይቅር!"

"ፊልም አላባከንኩ፣ ምን አቃጠለህ?"

"ጊዜ አባከንሽ!"

"ጊዜውን እኔ ምሳዬን ቶሎ በልቼ እመልስልሃለሁ።"

ይስቅና ይተወኛል።

ኋላ ስልክ መጣ። ሰው ጉርዱን ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ እያነሳ፣ በስልክ እየላከ፣ "አትሙልኝ" ብቻ ማለት ጀመረ፤ ከዚያም ማሳተሙ ራሱ ቀረ። ጀማል ተሟገተ፣ ተሟገተና ቤቱን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ አደረገው።

"አንቺ ግን አትሄጂም" አለኝ። "ሽፋን ትሸጫለሽ።"

"ጀማል፣ እኔ ዕድሜዬን ለሰው ሻሽ ሳስተካክል ኖሬ ለስልክ ሻሽ አላለብስም።"

ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። የደንበኛ መቀመጫውን ወንበርና የምርቃቶቹን ፖስታዎች ሰጠኝ። ደመወዜንም የተቻለውን ጨምሮ ሸኘኝ። ጡረታ የወጣሁት እንዲህ ነው። ወንበሩን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁ።

ምህረት አንዲት ልጄ ናት። አባቷ በልጅነቷ አርፏል። ያደገችው እዚያው ፎቶ ቤት፣ መጋረጃው ሥር ነው። ታይዋን ገበያ አጠገብ ባነር የሚያትም ቤት ትሠራለች። አንድ እሑድ ፖስታዎቹን አውጥታ ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን ስታይ ዋለች።

"እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች አሁን የት ናቸው?"

"ያረፈው አርፏል። የቀረው ቀፊራ ነው።"

"እንፈልጋቸዋ።"

"ፈልገን ምን እንላቸዋለን?"

"ተቀመጡ እንላቸዋለን።"

በዚህ ተጀመረ። ወንበሩን ባጃጅ ላይ ጭነን ቀፊራ ወረድን። ያገኘነውን ሰው ኔጋቲቩን እናሳየዋለን፣ አሁንም በዚያው ወንበር እንዲቀመጥ እንለምነዋለን። እንደ ድሮው ጉርድ አነሳለሁ፣ "ጨርሰናል" እላለሁ፣ ሲነሳ ምርቃቱን አነሳለሁ። ከዚያ የድሮውን ምርቃትና የአሁኑን ጎን ለጎን እናትማለን፤ ለሰው ልናሳየው እንደሆነም ነግረን እናስፈቅዳለን። "አይሆንም" ያለን ሰው ኔጋቲቩን እጁ ላይ እናስረክበዋለን። በድሬ ሰው ፊት ላይ የማላውቀው ነገር ጥቂት ነው የሚመስለኝ ነበር። ለካ አንድን ፊት ሁለቴ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት መሐል ማየት ሌላ ትምህርት ነው። ምርቃት ላይ ሰው ያው ራሱ ነው። የትከሻ አጣጣሉ እንኳ አይለወጥም።

ቅመም የምትሸጠው አዴ ሞሚና የድሮ ፎቶዋን ስናሳያት አቅርባም አርቃም አየችው።

"ይህቺ ቀጭን ማናት?"

"አንቺ ነሽ።"

"ዋላሂ ውሸት! እኔ ስወለድም እንዲህ ቀጭን አልነበርኩም።" ከዚያ ጣቷን ሻሹ ላይ አሳርፋ "ይህን ሻሽ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ነው" አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ኤግዚቢሽናችን ከዚራ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነበር። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ባስብ እንደዚያ ቀን ወድቄ አላውቅም። ፎቶዎቹን በጥሩ ወረቀት አሳተምን፤ ግድግዳው እንዳይበሳ ብለው ስለከለከሉን በሁለት በኩል በሚለጥፍ ፕላስተር ለጠፍናቸው። ፎቶ ቤት እንዲህ ነበር የምንለጥፈው፣ ወድቆብን አያውቅም። ፎቶ ቤቱ ግን የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው አይግልም። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቃል። ሌባ እንዳይገባ ብለን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ሄድን። በማግስቱ እንግዶች ተጠርተው፣ ሪባን ተዘጋጅቶ፣ በሩ ሲከፈት ፎቶዎቹ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መሬት ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ግድግዳው ላይ ከቀሩት ግማሹ በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሏል። የክብር እንግዳው እግሩን እያነሳ በመሐላቸው አለፈ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለቅም፣ ወለል ለማጠብ የገባሁበት ጊዜ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

ከዚያ የባሰው ግን ባለፎቶዎቹ አለመምጣታቸው ነው። አንድም ሰው ከቀፊራ አልመጣም። አኩርፌ አዴ ሞሚና ዘንድ ሄድኩ።

"መጥተን ነበር እንጂ" አለችኝ። "ተጣጥበን፣ ለብሰን፣ አምስት ሆነን። ዘበኛው 'ምን ፈልጋችሁ ነው?' አለን። ፊቴን ፈልጌ ነው ልበለው? አፈርንና ተመለስን።"

ይህን ለምህረት ነገርኳት።

"ዘበኛ የሌለበት ቦታ እንስቀለው" አለች። "ወረቀቱንም እንተወው። በባነር ጨርቅ፣ ትልቅ አድርጌ አትመዋለሁ። ቀፊራ ለመሄድ ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ደቻቱ አሸዋ ላይ እንሰቅለዋለን።"

"ምህረት፣ ወንዝ ነው!"

"ጥቅምት ነው እማዬ። በግ እየተሸጠበት፣ ኳስ እየተጫወቱበት።"

እኔ ጎርፍ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ነው፤ ደቻቱ ሲያገሳ ሰምቶ ያደገ ሰው ይገባዋል። ግን እውነቷን ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ ከተማው ውስጥ የለም። ከቀበሌ ፈቃድ ወሰድን። አጣናዎቹን እስከ ወገብ ቆፍረን ቀበርናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የድሬ ነፋስ ጨርቁን እንዳይገነጥለው ብዬ በገመድ ፈንታ በሽቦ እንዲታሰር ያልኩት እኔ ነኝ። ሽቦው በጣት አይፈታም፤ ፒንሳ ይፈልጋል።

ያን ጠዋት የነበረው ደስታ! ጭነት ያለው አህያ ነጂ ቆመ፣ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። አንድ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ከራሱ ፎቶ ሥር ቆሞ አላፊውን ሁሉ "እስቲ ፍረዱ፣ ተለውጫለሁ?" ይላል። ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ፎቷቸው ጎን ለጎን በመሰቀሉ ተጣሉ፤ ለዓመታት አይነጋገሩም ነበርና ቢያንስ ለመጣላት ተነጋገሩ። አዴ ሞሚና ከነጓደኞቿ መጣች። ከፎቶዋ ፊት ለፊት ቆማ ባነሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ያንን የደንበኛ ወንበር ስባ ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ ታስተዋውቅ ጀመር። "ይቺ እኔ ነኝ። ያቺም እኔ ነኝ። ልዩነቱ ቅመም ነው።" እዚያ አሸዋ ላይ ቆሜ፣ ሥራዬ ይህ እንደነበረ፣ ጥሩ አድርጌም እንደሠራሁት አወቅሁ። ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም።

ተራራው የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥርጊያው ላይ ቆሜያለሁ። "ጎርፍ!" ብዬ ብጮኽ ምን እንደሚሆን ታየኝ። ግማሹ ፀሐይዋን አሳይቶ ይስቅብኛል። ግማሹ ይደነግጥና ወደየእቃው፣ ወደየልጁ፣ በየአቅጣጫው ይበተናል። በቀፊራ በኩል መውጫው ሩቅ ነው፣ ግንቡም ከፍ ያለ ነው፤ እዚያ የሮጠ አይወጣም። ቅርቡ መውጫ እኔ የቆምኩበት ነው። ያ ሁሉ ሰው ሳይከራከርና ሳይደነግጥ፣ ደስ እያለው ወደ እኔ መምጣት አለበት።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆምኩ። ነጠላዬን አውልቄ እያውለበለብኩ፣ ካለኝ ድምፅ ሁሉ፦

"የጋራ ፎቶ! ሁላችሁም ወደዚህ! የቀረ ሰው አይነሳም!"

አዴ ሞሚና ናት ቀድማ የሰማችው። ከወንበሩ ብድግ ብላ ለጓደኞቿ በኦሮምኛ "ሱራ! ሱራ! ኮታ!" ብላ ጮኸች፤ ፎቶ ነው፣ ኑ ማለቷ ነው። አንዱ ሞንታርቦውን ቀነሰው። ከዚያማ ሻሹን የሚያስተካክል፣ ልጁን የሚያቅፍ፣ በጉን የሚጎትት፣ ሁሉም መጣ። ለፎቶ የሚመጣ ሰው አይገፋፋም፤ ይተራረማል፣ ይስቃል፣ ግን ይፈጥናል።

"ረጃጅሞች ከላይ! ገና! ገና ወደ ላይ!"

"አስኩ፣ እስከ ከዚራ ልትወስጂን ነው እንዴ?"

"አልታያችሁኝም! ሌላ ሁለት እርምጃ! እናንተ በጉን ይዛችሁ ውጡ!"

ሳቁ፣ ወጡ። ምህረት ብቻ አልመጣችም። ፒንሳዋን ይዛ ከሩቅ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

"እማዬ! ፀሐይ ከጀርባቸው ናት! ጥላ ብቻ ነው የሚወጣልሽ!"

እውነቷን ነው። ፎቶ የምታውቅ ልጅ ስለሆነች ነው ያልተታለለችው። በእጄ ጠራኋት፤ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሽቦዋ ዞረች።

ወደ አዴ ሞሚና ጆሮ ተጠጋሁ። "ውሃ እየመጣ ነው። ማንም ወደ ታች እንዳይመለስ።"

ዞራ ደንገጎን አየች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ሄደ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። "ሂጂ፣ ልጅሽን አምጪ" አለችኝና ወደ ሰዉ ዞረች፤ "ወደ ላይ ተባላችሁ እኮ! ጆሮ የላችሁም?"

ወረድኩ። አሸዋ ላይ መሮጥ ሕልም ውስጥ እንደ መሮጥ ነው። እግሬ ይሰምጣል፣ ልጄ አትቀርብም። ስደርስ ትንፋሼ አልቋል።

"ተራራውን እዪ" አልኳት።

አየች። ወዲያው ገባት። ግን ምን አደረገች፣ ፒንሳውን ሽቦው ላይ መለሰችው።

"ቢያንስ ይህችን ልፍታ።"

"ተዪው!"

"እማዬ፣ የዕድሜሽ ሥራ ነው!"

"የዕድሜዬ ሥራ ነው። እኔ ባለቤቱ ነኝ ተዪው የምልሽ!"

"አንድ ሽቦ ነው የቀረኝ..."

ያኔ ድምፁ መጣ። ከባድ መኪና ጠጠር ሲገለብጥ የሚሰማው ድምፅ፣ ግን የማያቋርጥ። ከእግራችን በታች አሸዋው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከፎቶዎቹ ሥር አንድ ቡናማ የውሃ ምላስ ቀስ ብሎ፣ ገለባና ፌስታል እየገፋ መጣና ጫማችንን ነካ። ምህረት ፒንሳውን ጣለችው። እጇን ያዝኩ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት ሆነ። ኋላችን አጣናዎቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ ይሰማኛል፤ አልዞርኩም። አንድ ግንድ እግሬን መታኝና ወደቅሁ፤ አፌ ጭቃ ሞላ። ልጄ ናት ያነሳችኝ። እኔ ልይዛት ሄጄ እሷ ያዘችኝ። "በርቺ እማዬ፣ በርቺ!" ትላለች። ጥርጊያው ሥር ስንደርስ ውሃው ወገባችን ላይ ነበር። የባቡር ሠራተኛውና ሁለቱ የተኳረፉት ነጋዴዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው የምህረትን ክንድ አገኘ። እሷን ሳቡ፣ እሷ እኔን ሳበች። ድንጋዩ ላይ በሆዳችን ወደቅን።

ቀና ስል ደቻቱ ከግንብ እስከ ግንብ ሞልቷል። ባነሮቹ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተራ በተራ ከታች ወዳለው ድልድይ ይወርዳሉ። ወንበሩም ሄዷል። አዴ ሞሚና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመለከት ነበር።

"ሄደ ፊቴ" አለች። "ያለ ፓስፖርት ጂቡቲ ሊገባ ነው።"

ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሰው ስቆጥር ነበር። በጉ እንኳ ወጥቷል። ምህረት ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጥላ ጭቃ ታስላለች፣ ትንፋሿ እጄን ያሞቀዋል። ድንጋዩ ደረቅ ነው፤ ውሃው እኛ ካለንበት በታች ነው፤ ከዚህ በላይም አልመጣም። አሸዋው ላይ የቀረ ሰው የለም። ልጄም እኔም ድነናል።